እንከን

ከወንጂ ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ ከጎማ ቤቱ በስተግራ፣
መጋዛችን ሲጮህ ይውላል፣ ውሃው ነጥቶ እንደ አሬራ።
እኔ እምነበረድ ቆራጭ ነኝ።
የሰው ደረጃ፣ የሰው መስኮት፣ የሰው መቃብር ሳሳምር፣
ሽፋሽፍቴ ላይ የሚያድር ዱቄት ነው ትርፌ ሲቆጠር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል መምህር ሂርጳ፣ በባጃጅ፤
ስባሪ ክምር ሥር ይፈልጋል፣ እንደ ጠፋበት ወዳጅ።
ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ፣ ኮቱ ወደ አንድ ጎን የዘመመ፤
ገንዘብ አይደለም ያከበደው፤ ጠጠር ነው ኪሱን ያሳመመ።
ሚስቱ፣ "አልጋዬ ሥር ተራራ አለ፤ መጥረጊያ አይደርስበትም" ትላለች።

አንድ ቀን ከደረት ኪሱ አወጣ የክብሪት ቀፎ፤
ጥጥ ለብሶ ተኝቷል፣ አንድ ጥቁር ነገር ተጣጥፎ።
"ትሪሎባይት ይባላል" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ምስጢር፣
"ዛፍ ሳይበቅል፣ ወፍ ሳይፈጠር፣ ይሄ ይሄድ ነበር በባሕር።
ከሞሮኮ ያመጣልኝ፣ አየር መንገድ የገባ ተማሪዬ፣
ሁለት ጊዜ ያባረርኩት ልጅ፣ ዛሬ ግን የእርጅና ጧሪዬ።

ዓይኑን እየው።" አየሁት፤ ፍርግርግ ነው፣ እንደ ማር እንጀራ።
"በቁሙም ድንጋይ ነበር ዓይኑ፤ በድንጋይ ነው ያየ፣ የፈራ።
ልብሱ ሲጠበው ያወልቃል፣ ጥሎት ይሄዳል በጭቃ፤
ስለዚህ ብዙው የምናገኘው ሬሳ አይደለም፤ ጨርቅ ነው በቃ።"

"እዚህስ?" አልኩት፣ ወደ ገንደ ጋራ እየጠቆምኩ።
"እዚህ አትልፋ። የኛ መሬት ገና ልጅ ናት፤ አመዷ ገና መች በረደ?
ያ ሁሉ ባሕር ሲደርቅ፣ የአዳማ ጋራ አልተወለደ።"

የሱን ዓይን ግን ሞራ ጋርዶታል፤
የሐኪም ቀጠሮው ሁለቴ አልፎታል።
በአውራ ጣቱ ነው የሚያይ። የአውሬውን ጎድን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤
አሥር ሲደርስ ይሳሳታል፤ ፈገግ ይልና እንደገና ይጀምራል።

"አንተ የድንጋይ ሰው ነህ" አለኝ፤ "እስቲ ያዘው፣ ፍረድ።"
ያዝኩት።
ድንጋይ ይበርዳል። ድንጋይ ከመዳፍ ሙቀት ይለምናል።
ይሄ አልለመነኝም።
ከሆዱ በኩል፣ መርፌ የወጋው የሚመስል፣ የአረፋ ቀዳዳ፤
ጠርዙ ላይ ቀጭን የሙጫ መስመር።
አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ፣ የተሰነጠቀ እምነበረድ ሲመጣ፣
ሙጫና የድንጋይ ዱቄት ለውሼ እደፍናለሁ፣ ደንበኛ እንዳይቆጣ።
"እውነተኛ ነው አይደል?" አለ መምህር ሂርጳ።
መጋዙን አስነሳሁ።

በዚያው ሳምንት ነበር፣ አንድ ሆቴል ያዘዘው ንጣፍ የተመለሰ፤
ባለቤቱ በጫማው ጫፍ እየነካ፣ "ትል አለበት" ብሎ የከሰሰ።
ከሐረር በኩል በሲኖትራክ የመጣ፣ የሥጋ ቀለም ያለው ድንጋይ፤
መሐሉ ላይ የተጠቀለለ ዙር፣ ሳይርስ እንኳ የማይታይ።
አለቃዬ ገዳ፣ "አይተህ አትቆርጥም?" ብሎ ስድስት መቶ ብር ቆረጠብኝ።

ለቅዳሜ ደብቄ አቆየሁት።
ውሃ አፈሰስኩበት፤ የሽማግሌውን ጣት ይዤ አሳረፍኩበት።
ዙሩን ተከተለ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ መንገዱ እስኪያልቅበት።
ብዙ ቆየ። ነፋሱ አጥሩ ላይ የተሰካ ፌስታል ያንኮሻኩሻል።
"ይሄስ?" አለኝ።
"ይሄ እንከን ነው" አልኩት።
ሳቀ፤ ጥርሱ ላይ የኛ ዱቄት።
ከዚያ የደረት ኪሱን ዳሰሰ፤
ቀፎውን ግን አላወጣውም።

ደረጃ አደረግንለት፣ እኔና የባጃጁ ልጅ፣ ከቤቱ በራፍ።
በበጋ ምንም አይታይም። የአዳማ ነፋስ አቧራ ያለብሰዋል፤
እንግዳ ጫማውን ይጠርግበታል፣ የጎረቤት ዶሮ ይቆምበታል።
ዝናብ ሲጥል ብቻ
ያ ዙር ከውስጥ ብቅ ይላል፣ ጠቁሮ፣ ረጥቦ።
መምህር ሂርጳ ወንበሩን ወደ በሩ ይስባል፤
ካልሲውን ያወልቅና
በእግሩ ጣት ይፈልገዋል።